900 ሚሊዮን ዶላር ስንት ነው?

በጃንዋሪ 2010 ሳምሰንግ ራምበስ ከሚባል አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ታረቀ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የዕርቁ ዜና በአንድ ቁጥር ተጠቅልሎ ወጣ፦ 900 ሚሊዮን ዶላር። ለምን? ለሚሞሪ ቺፕ ፓተንቶች። “ፓተንት ማለት ወርቅ ነው” ብሎ ሊሰብከን የተነሳ ሁሉ እንዲህ ያለ ቁጥር ይመዝልናል። ሐሳብህን አስመዝግብ፣ ቁጭ በል፣ ግዙፎቹ ራሳቸው ብር ተሸክመው በርህን ያንኳኳሉ!

ይህ ስብከት ሰልችቶኛል። ቁጥሩ ተፈብርኳል አልልም፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ችግሩ የምን ዋጋ እንደሆነ ማንም አለመጠየቁ ነው። የእኔ ክርክር አጭር ናት፦ በሚሞሪ ቺፕ ዓለም በፓተንት ፈቃድ ስምምነት ላይ የሚጻፈው ገንዘብ በአብዛኛው የክርክሩ ዋጋ እንጂ የፈጠራው ዋጋ አይደለም። ሁለቱን አደባልቆ የሚተምን ሰው ወይ ራሱ አልገባውም፣ ወይ እኛ እንዲገባን አይፈልግም።

የራምበስን ታሪክ የመረጥኩት አሥራ ምናምን ዓመት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ስለተንከራተተ ነው። በሌላ ስምምነት ተደብቆ የሚቀረው ሁሉ እዚህ አደባባይ ወጥቷል።

ካርታው ከአስፋልቱ በኋላ ሲመጣ

ራምበስን በ1990 የመሠረቱት ማይክ ፋርምዋልድና ማርክ ሆሮዊትዝ ናቸው። የያዙት ችግር እውነተኛ ነበር። ፕሮሰሰሮች በየዓመቱ ይፈጥናሉ፤ ሚሞሪው ግን መረጃ እያቀበለ አይደርስባቸውም። እጇ የፈጠነ ወጥ ሠሪ አስቡ፤ ሽንኩርትና ዘይት የሚያቀብላት ልጅ ግን ይንቀራፈፋል። እነዚህ ሰዎች አቀባዩን የሚያፈጥን መላ አመጡ። ፓተንታቸውን በዚያው ዓመት በኤፕሪል አስገቡ። ኩባንያቸው ቺፕ አምርቶ የሚሸጥ አልነበረም፤ ንድፉን ለአምራቾች በፈቃድ ማከራየት ነበር ሥራው። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ሐሳብ ያመጣ ይከፈለው።

ጣጣው የሚጀምረው ጄዴክ ከሚባለው የአምራቾች ጉባኤ ነው። የአንዱ ኩባንያ ራም የሌላው ኮምፒውተር ላይ እንዲገጥም አምራቾቹ እዚያ ተቀምጠው በጋራ መስፈርት ይስማማሉ። ራምበስም እስከ 1996 ድረስ የጉባኤው አባል ነበር። ስብሰባው ላይ የሚወራውን እየሰማ የፓተንት ማመልከቻዎቹን በዚያው አቅጣጫ ያሰፋ እንደነበር በኋላ በክሶቹ ሂደት ወጣ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በ2003 የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት “ጉባኤው አባላቱ ምን እንዲያሳውቁ እንደሚጠይቅ በግልጽ አልደነገገም” በሚል መንፈስ ራምበስን ከማጭበርበር ክስ ነፃ አውጥቶታል። ሕጉ ይህን ብሏል። እኔ የማወራው ስለ ዋጋው ነው።

ሰፈርተኛው ተሰብስቦ “መንገዱ በየት በኩል ይለፍ?” እያለ ይመክራል እንበል። አንዱ ጥግ ይዞ ዝም ይላል። አስፋልቱ ፈሰሰ፣ ግራና ቀኙ ሱቅ ተከፈተ፣ ታክሲው መሥመር ያዘ። ይኼኔ ሰውየው ካርታውን ይዞ ብቅ ይላል፦ “መንገዱ በእኔ ይዞታ ነው የሚያልፈው፤ ክፈሉ።” አስፋልቱ ሳይፈስ የዚያ ቁራሽ መሬት ዋጋ መንገዱን አሥር ሜትር ከማዞር ወጪ አይበልጥም ነበር። ከፈሰሰ በኋላ ግን ዋጋው መንገዱን ነቅሎ፣ ሱቁን አፍርሶ፣ እንደገና ለመሥራት የሚፈጀው ሁሉ ሆነ። መሬቱ ያው መሬት ነው። አንዲት ጤፍ አልበቀለችበትም።

በሚሞሪውም የሆነው ይኸው ነው። ኢንቴል በ1996 የራምበስን ንድፍ ለመጪው ዘመን መርጦ ነበር፤ ግን ዋጋው ውድ ሆነና ገበያው ፊቱን አዞረ። አምራቾቹ በጉባኤው መስፈርት የተሠራውን ዲ.ዲ.አር. መረጡ። በ2000 ራምበስ ወደ አምራቾቹ መጥቶ “ዲ.ዲ.አር.ም ውስጥ የእኔ ፈጠራ አለ” አለ። ጥያቄው ለቀደመው ኤስ.ዲ.ራም 0.75 በመቶ፣ ለዲ.ዲ.አር. ደግሞ 3.5 በመቶ ነበር። ለራሱ ንድፍ ከሚያስከፍለው እንኳ ይበልጣል! ተፎካካሪው ዕቃ ውስጥ ያለ የእኔ ቁራጭ ከእኔ ሙሉ ዕቃ ይወደዳል እንደማለት ነው።

ለአንድ ዕቃ ስንት ዋጋ?

ዋጋ የፈጠራውን ጥቅም የሚለካ ቢሆን ኖሮ ማንም ይመዝነው ማን ተቀራራቢ መልስ መውጣት ነበረበት። እስቲ የወጣውን እንይ።

በ2000 ራምበስ ራሱ ለዲ.ዲ.አር. 3.5 በመቶ አለ። በ2007 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን “ከ0.5 በመቶ አይለፍ፤ ያውም ለሦስት ዓመት፤ ከዚያ በኋላ ዜሮ” ብሎ አዘዘ። በ2008 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ውሳኔ ሻረው። በ2009 የካሊፎርኒያ ዳኛ ሃይኒክስ በዲ.ዲ.አር. ላይ 4.25 በመቶ እንዲከፍል አዘዘ። በዚያው በ2009 ደግሞ ራምበስ ጥፋት ሳያምን ለአውሮፓ ኮሚሽን ቃል ገባ፦ ለኤስ.ዲ.ራምና ለመጀመሪያው ዲ.ዲ.አር. ዜሮ፣ ከዚያ በኋላ ለመጡት ትውልዶች ቢበዛ 1.5 በመቶ፣ ለአምስት ዓመት።

ወደ ሳንቲም እንመንዝረው። አንድ ቺፕ 4 ዶላር ይሸጣል ብንል፣ ለመጀመሪያው ዲ.ዲ.አር. ራምበስ 14 ሳንቲም ይላል፣ የንግድ ኮሚሽኑ 2 ሳንቲም፣ የካሊፎርኒያው ዳኛ 17 ሳንቲም፣ የብራስልሱ ስምምነት ምንም። እነዚህ የተፈረደባቸው ነገሮች ቺፑ ስንት የሰዓት ምት ጠብቆ መረጃ እንደሚያወጣ ማስተካከልን፣ በምቱ መውጫም መውረጃም መረጃ ማስተላለፍን የመሳሰሉ ዘዴዎች ናቸው። በ2007ም በ2009ም ያው ናቸው። የተለወጠው ማን ማንን የት አገር ከሰሰ የሚለው ብቻ ነው።

ታዲያ ከዜሮ እስከ 17 ሳንቲም የሚዋዥቅ ነገር ላይ ቆሞ “የፈጠራው ትክክለኛ ዋጋ ይኼ ነው” ማለት ምን ማለት ነው? ሰማይ ጠቀስ ድፍረት ነው።

እቁብ የማያውቅ ተማኝ

ወደ 900 ሚሊዮኑ ልመለስ። ሲፈታ ሦስት ቁራጭ ነው፦ 200 ሚሊዮን በቅድሚያ፣ 200 ሚሊዮን ሳምሰንግ የራምበስን አክሲዮን የገዛበት፣ የቀረው 500 ሚሊዮን ደግሞ በየሩብ ዓመቱ 25 ሚሊዮን እየተባለ በአምስት ዓመት የሚከፈል፣ ያውም እንደ ሁኔታው ከፍ ዝቅ ሊል የሚችል።

አክሲዮኑን መጀመሪያ አውጡት። ሳምሰንግ ገንዘብ ሰጥቶ የኩባንያውን ድርሻ በእጁ አስገብቷል። ይህን የፓተንት ክፍያ ነው ካላችሁ፣ ከሱቅ የገዛችሁት ፍሪጅም ለባለሱቁ የሰጣችሁት ስጦታ ነው ማለት ነው።

ቀሪው 700 ሚሊዮንስ? እቁብ የገባ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። መጀመሪያ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው እኩል ብር ይወስዳሉ፤ እኩል ግን አላገኙም። ለዚህ አይደል እንዴ የመጀመሪያ እጣ በጭማሪ የሚሸጠው? እናቶቻችን በየሳምንቱ የሚሠሩትን ይህን ሒሳብ የቢዝነስ ዜና ጸሐፊው ይረሳዋል። በዓመት 10 በመቶ እያሰብኩ ወደ ፊርማው ቀን ስመልሰው (መጠኑ የእኔ ግምት ነው፤ እናንተ በሌላ ሞክሩት) 500 ሚሊዮኑ ወደ 390 ሚሊዮን ይወርዳል። ከቅድሚያው ጋር 590 ሚሊዮን ግድም። 900 የነበረው በሁለት መሥመር ሒሳብ አንድ ሦስተኛው ተነነ፤ ገና የጠበቃ ሒሳብ ሳይነሳ።

በዲሴምበር 2013 ማይክሮንም ፈረመ፦ 280 ሚሊዮን፣ በሰባት ዓመት፣ በሩብ ዓመት ከ10 ሚሊዮን ሳይበልጥ። በዚያው ስሌት 200 ሚሊዮን ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ ጣሪያ ያለው ክፍያ ማለት የሚሸጠው ቺፕ በበዛ ቁጥር በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው በመቶኛ እየሳሳ ይሄዳል ማለት ነው። “ከሽያጩ ይህን ያህል በመቶ” ብሎ የጀመረው ክርክር “በየሦስት ወሩ ይህችን ያዝና ተወኝ” ሆኖ አለቀ።

የሃይኒክስ ጉዞ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። በ2006 ጁሪው 306.9 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ዳኛው በዛ ብለው ወደ 133.6 ሚሊዮን አወረዱት። በ2009 የቀረው ሽያጭና ወለዱ ተደምሮ ፍርዱ 397 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በ2011 ይግባኙ ወደ ኋላ መለሰው። ምክንያቱም ራምበስ ከ1998 ጀምሮ ክስ እያሰበ የሰነድ መቆራረጫ ቀን እያዘጋጀ ወረቀት ያጠፋ ነበር። በ2013 ዳኛው ለዚህ ቅጣት 250 ሚሊዮን እንዲቀነስ ወሰኑ። በጁን 2013 ሁለቱ ወገኖች በ240 ሚሊዮን፣ በአምስት ዓመት ክፍያ ታረቁ። በእቁቡ ሒሳብ 187 ሚሊዮን ገደማ። በእነዚህ ሰባት ዓመታት ፈጠራው ላይ የተጨመረ አንዲት ሽቦ የለም። ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ያደረገው የፍርድ ቤት ነፋስ ነው።

ማይክሮንማ ይብሳል። በደላዌር ያለችው ዳኛ በዚሁ የሰነድ ማጥፋት ምክንያት ክስ የቀረበባቸው ፓተንቶች በማይክሮን ላይ አይሠሩም ብላ በ2009 ፈረደች፤ በይግባኝ ተመልሶላትም በ2013 መጀመሪያ ያንኑ ደገመች። ያም ሆኖ ማይክሮን በዓመቱ መጨረሻ ፈረመ። እርግጥ ስምምነቱ ክሱ ውስጥ ያልነበሩ ፓተንቶችንም ያቅፋል። ቢሆንም ያሸነፈ ሰው ለምን ይከፍላል? ሌላ አሥር ዓመት ጠበቃ ከመቀለብ ይሻለዋላ! በእንዲህ ያለ ፊርማ የሚገዛው እፎይታ ነው፤ እፎይታ ደግሞ ዋጋ አለው፤ ብቻ “የፈጠራ ዋጋ” ብላችሁ አትጥሩልኝ።

ተቃራኒውንም እዩ። በኖቬምበር 2011 ራምበስ ማይክሮንና ሃይኒክስን “ተመሳጥረው ንድፌን ከገበያ አስወጡት” ብሎ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ሲጠይቅ የሳን ፍራንሲስኮ ጁሪ 9 ለ3 ፈረደበት። አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከግማሽ በላይ ወደቀ። መሐንዲሶቹ በዚያን ቀን ደነዙ? ፓተንቶቹ ተሰረዙ? የለም። የወደቀው የማስፈራራት አቅም ነው።

ሚዛኑ ራሱ ሲታመም

ተማኞች አንድ የሚወዷት ዘዴ አለች፦ “ተመሳሳይ ስምምነቶች።” ሌሎች ስንት ከፈሉ? እንግዲያው አንተም ያንኑ ክፈል። የቤት ደላላ አነጋገር ነው፤ “ጎረቤቱ በዚህ ተሸጧል” ይላችኋል። ጎረቤቱ ቤቱን የሸጠው በሐራጅ ተይዞበት መሆኑን ግን አይነግራችሁም።

ቶሺባና ሂታቺ በጁን 2000 ከራምበስ ጋር ፈረሙ፤ ሂታቺ ያውም ተከሶ ነው የፈረመው። ከዚያ በኋላ ለቀጣዩ ተከራካሪ ዋጋ ሲወጣ “ይኸው ሌሎቹ ከፍለዋል” ይባላል። ክስ ፈርቶ የፈረመው ዋጋ ለሚቀጥለው ክስ ማስረጃ ሆነ፤ የሚቀጥለውም ፈርቶ ፈረመ፤ የእሱም ለሚቀጥለው። ይህ ክብ ነው። በዚህ ክብ ውስጥ “ይህ ዘዴ ቺፑን በስንት አፈጠነው? ባይኖርስ በምን ይተካ ነበር?” የሚል ጥያቄ የሚገባበት በር የለም።

አሁን ደግሞ በኔትሊስት ጉዳይ ያንኑ ፊልም እያየን ነው። በ2021 ኤስኬ ሃይኒክስ በ40 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወሰደ። ከዚያ የቴክሳስ ጁሪዎች በ2023 ሳምሰንግ ላይ 303 ሚሊዮን፣ በ2024 ማይክሮን ላይ 445 ሚሊዮን ፈረዱ። ዜናው ፈነዳ። በጎን ግን የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ችሎት ከፓተንቶቹ ብዙዎቹን ዋጋ የላቸውም እያለ ሲጥል፣ ይግባኙም ሲከተል ያንን የሚያወራ ብዙ አላየሁም። የጁሪ ፍርድ ገንዘብ አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

“ግን እኮ ትንሹን ፈጣሪ ግዙፎቹ ይበሉታል”

እዚህ ላይ የሚነሳብኝን አውቃለሁ። “አንተ ለሳምሰንግ ነው እንዴ የምታለቅሰው?” ኧረ በፍጹም። እነዚህ አምራቾች ምን እንደሆኑ የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት መዝግቦታል፦ በሚሞሪ ዋጋ ላይ ተመሳጥረው ኢንፊኒየን በ2004 160 ሚሊዮን፣ ሃይኒክስ በ2005 185 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግም በ2005 300 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥተዋል። ለእነሱ የሚፈስ እንባ የለኝም።

ግን ይህ መልስ የእኔን ክርክር ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የስምምነቱ ገንዘብ የመታገል አቅምን የሚለካ ከሆነ፣ አቅም የሌለው ፈጣሪ ምን ይደርሰዋል? ራምበስ አሥራ ምናምን ዓመት ሊካሰስ የቻለው በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ፣ ጠበቃ የሚቀልብ ኩባንያ ስለነበረ ነው። ያንኑ ዘዴ ያገኘች፣ ግን የስድስት ወር የጠበቃ ክፍያ የሌላት ልጅ የተሰጣትን ወስዳ ትፈርማለች። በኋላ ተማኝ መጥቶ “ገበያው ለፈጠራሽ ይህን ያህል ነው የሰጠው” ይላታል። እንዴት ያለ ስድብ ነው! የተከፈላት የድካሟ ልክ ነው፤ የአእምሮዋ ልክ አይደለም። የስብከቱ ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው፤ የአቅም ልዩነትን የችሎታ ልዩነት አስመስሎ ያቀርባል።

ለዚህ ነው ሌላ ሚዛን የምለው። አስፋልቱ ሳይፈስ ወደነበረው ቀን ተመለሱ። መስፈርቱ ከመጽደቁ በፊት በጠረጴዛው ላይ ሌላ ምን አማራጭ ነበር? ይህ ዘዴ ከዚያ አማራጭ በፍጥነት፣ በኃይል ፍጆታ፣ በማምረቻ ወጪ በስንት ሳንቲም ይሻላል? ያቺን ሳንቲም በተሸጠው ቺፕ ቁጥር አባዙ፤ ከዚያ ፈጣሪው ፍትሐዊ ድርሻውን ይውሰድ። አንዳንዴ ትልቅ ገንዘብ ይወጣል፣ አንዳንዴ ዜሮ አጠገብ። ሥራው ከባድ ነው፤ ጉባኤዎቹም “የያዛችሁትን ካርታ አሁኑኑ አሳዩ፣ ዋጋውንም አሁኑኑ ንገሩን” የሚል ጥርስ ያለው ደንብ ይፈልጋሉ። የ2008ቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የንግድ ኮሚሽኑን ውሳኔ የሻረውም በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው፤ ራምበስ ቀድሞ ቢያሳውቅ ጉባኤው ሌላ ዘዴ ይመርጥ እንደነበር ኮሚሽኑ አላረጋገጠም አለ። ከዓመታት በኋላ ማረጋገጥ ስለሚከብድ ነው ጥያቄው በጊዜው መጠየቅ ያለበት።

ማን ይከፍላል?

“እኛን ምን አገባን?” የሚል አይጠፋም። ፓተንት ድንበር አለው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተመዘገበ ፓተንት ኢትዮጵያ ውስጥ አያስከስስም። ቺፑ ግን ኮሪያ ወይም አሜሪካ ሲሠራ የክርክሩ ወጪ በሒሳቡ ውስጥ አለ። ራም የምንገዛው በውጭ ምንዛሬ ነው፤ አንድም አምራች የለንም። ሌላ ቦታ በተጨቃጨቁ ቁጥር ከሚወጣው ሳንቲም ውስጥ የእኛም ትኖራለች፣ በስልካችንም በላፕቶፓችንም።

ደግሞም የአክሲዮን ገበያ በአዲስ አበባ በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀምሯል። የኩባንያ መግለጫ ማንበብ ከእንግዲህ የእኛም ሥራ ነው። ስለዚህ “እገሌ ለፓተንት ይህን ያህል ሚሊዮን ተፈራረመ” የሚል ዜና ስታዩ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ከዚህ ውስጥ ዛሬ በእጅ የገባው ስንት ነው፣ ስንቱስ ወደፊት የሚከፈል ወይም አክሲዮን ነው? የሚከፈለው ላለፈው በደል ነው ወይስ ለሚመጣው አጠቃቀም? ጣሪያ አለው ወይስ ከሽያጩ ጋር ያድጋል? አራተኛዋ ዋናዋ ናት፦ ክስ የሚባል ነገር ባይኖር፣ መስፈርቱም ገና ባይጸድቅ፣ ይህ ገዢ ይህን ዘዴ በዚህ ዋጋ ይገዛው ነበር?

አራተኛዋን መመለስ የማይችል ተማኝ የሰጣችሁን ቁጥር፣ የሁለት ኩባንያዎች ጠበቆች ምን ያህል እንደደከማቸው የሚያሳይ መረጃ አድርጋችሁ ያዙት። ከዚያ በላይ አትመኑት።